ከሳቅ እስከ ስቅላት፡ የበላይ ዘለቀ ሕይወት በፊልም ዓይን

በአገራችን የታሪክ ፊልም ይሠራ ሲባል ከገንዘቡ ጥያቄ ቀድሞ የሚነሳው የአክብሮት ጥያቄ ነው፡፡ ጀግናው እንዳይደፈር፣ በሙታን እንዳይቀለድ፣ የተጎዳ ወገን እንዳያዝን የሚለው ስጋት ካሜራው ሳይተከል ይደርሳል፡፡ ከዚህ የተነሳ በመድረክና በስክሪን የምናያቸው አርበኞች አብዛኛውን ጊዜ ግንባራቸውን ቋጥረው የሚፎክሩ፣ የማይስቁና የማያስቁ ሰዎች ናቸው፡፡ ቀልድ ለበዓል መዝናኛ፣ ታሪክ ለሐዘን ተብሎ ሥራው የተከፋፈለ ይመስላል፡፡

እኔ በዚህ ክፍፍል አልስማማም፡፡ የማልስማማበትን ምክንያት በደፈናው ከመከራከር ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት ማስረዳት ይቀለኛል፡፡ ሰውየው ከሞተ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል፡፡ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነው፡፡ የፈረስ ስሙ አባ ኮስትር ነበር፤ ኮስታራነትን ከስሙ ጋር የያዘ ሰው ነው ማለት ነው፡፡ ከዚህ ኮስታራ ሰው ሕይወት ውስጥ ሳቁን አውጥተን ብንጥል ግን ለምን እንደተሰቀለ ማስረዳት ያቅተናል፡፡ የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይኸው ነው፡፡

በላይ የተወለደው በ1904 ዓ.ም. ገደማ ነው፡፡ አባቱ ዘለቀ ላቀው የጎጃም፣ የቢቸና አውራጃ ሰው ነበር፡፡ እናቱ ጣይቱ አሰኔ ደግሞ የወሎ፣ የቦረና ሰው ነበረች፡፡ ስለዚህ ልጁ ከአባይ ወዲህም ከአባይ ወዲያም ዘመድ ነበረው፤ ይህም ኋላ ለጦርነቱ ጠቀመው፡፡ አባቱ የልጅ ኢያሱ ተከታይ ነበር፡፡ ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረደ በኋላ እንደ ዘለቀ ያሉ ሰዎች ጌታ እንደሌለው ሎሌ ሆኑ፡፡ ዘለቀም ወደ አገሩ ተመልሶ ሲኖር ከመንግሥት ሰዎች ጋር በተነሳ ግጭት ተገደለ፡፡ በላይ ያኔ ገና ልጅ ነበር፡፡ ካደገ በኋላ ከወንድሙ ከእጅጉ ጋር የአባቱን ደም ለመመለስ አስቦ ሸፈተ፤ መሸሸጊያውም የአባይ በረሃ ሆነ፡፡

ይህንን በረሃ የማያውቅ አንባቢ ደጀንን ያስብ፡፡ ከአዲስ አበባ ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ጎሐ ጽዮንን ከማዶ እያየች በገደሉ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፡፡ መንገዱ ከወዲያኛው አፋፍ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ይሻገርና ያንኑ ያህል ሽቅብ ወጥቶ ደጀን ላይ ያበቃል፡፡ ከዚያ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው ወደ ቢቸናና ሞጣ ይለያል፡፡ ከላይ ደጋው የጤፍና የስንዴ አገር ነው፡፡ ከታች ቆላው ግን ለወታደር የማይመች፣ ለሸፍታ የተመቸ ገደልና ጫካ ነው፡፡ መንግሥት ደጋውን ይዞ ይገዛል፤ ቆላው ግን ለሸፈተ ሰው ነው፡፡ የበላይ ሕይወት እንዳለ በእነዚህ ሁለት አፋፎች መካከል ያለፈ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡

ጣሊያን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ በላይ ዕድሜው ከሃያዎቹ አጋማሽ ያልበለጠ፣ ሹመትም ርስተ ጉልትም የሌለው ሸፍታ ነበር፡፡ ስማቸው የገነነ መሳፍንት ገሚሶቹ ተሰደዱ፣ ገሚሶቹ ገቡ፣ ገሚሶቹም ጫካ ወረዱ፡፡ በላይ የሚገባበት ቤተ መንግሥት ስላልነበረው በዚያው በበረሃው ቀጠለ፡፡ ልዩነቱ እስከዚያ ድረስ ለአባቱ ደም ይዋጋ የነበረው ሰው ከዚያ በኋላ ለአገር መዋጋት መጀመሩ ነው፡፡ በጥቂት ሰዎች ጀምሮ ከቢቸና እስከ ወሎ ቦረና የሚደርስ አገር በእጁ አስገባ፡፡ ዳኛ ሾመ፣ ግብር ሰበሰበ፣ ለጠላት የገባውን ቀጣ፡፡ ቅጣቱ ከባድ እንደነበርና በዚያ የተጎዱ ቤተሰቦች እንደነበሩም መታወቅ አለበት፡፡ ስለ እሱ የሚሠራ ማንኛውም ፊልም እነዚህን ሰዎች የረሳ እንደሆነ ገና ከመነሻው ጎድሏል፡፡

አሁን ወደ ሳቁ ልምጣ፡፡ ጦሩ እየበዛ ሲሄድ በላይ ለተከታዮቹ ማዕረግ መስጠት ጀመረ፡፡ አንዱን ራስ፣ አንዱን ደጃዝማች፣ ሌላውን ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች እያለ ሾመ፡፡ በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ማዕረግ መስጠት የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ነበር፡፡ ንጉሠ ነገሥቱ ግን እንግሊዝ አገር በስደት ነበሩ፡፡ ስለዚህ በአባይ በረሃ ውስጥ ራሱ ምንም ማዕረግ የሌለው ወጣት ለሌላው ራስነት ያድል ነበር፡፡ ሹመቱ ሲያልቅ ለራሱ ምን እንደሚያስቀር ተጠየቀ ይባላል፡፡ እሱም እናቱ ስም ስታወጣለት ማዕረጉንም አብራ እንደሰጠችው፣ ከበላይ የሚበልጥ ሹመት ስለሌለ ሌላ እንደማያስፈልገው መለሰ ይባላል፡፡

እኔ ሕግ የተማርኩ ሰው እንደመሆኔ ይባላል የሚለውን ቃል አቅልዬ አላየውም፡፡ ነገሩ በትክክል በዚህ መልክ መባሉን የሚያረጋግጥ ሰነድ የለኝም፡፡ ነገር ግን በልጅነቴ ደጀን ላይ የበላይን ነገር የሚያወሩ አዛውንቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሱት ይህንኑ ነበር፤ ሲያወሩትም ይስቁ ነበር፡፡ የሚስቁት ግን በበላይ አልነበረም፡፡ የሚስቁት በማዕረግ ነበር፡፡ ራስ፣ ደጃዝማች እየተባለ ከላይ ወደ ታች የተደረደረው መሰላል ጠላት ሲመጣ የት እንደገባ ያዩ ሰዎች ናቸው፡፡ ጭሰኛውና የደሃው ልጅ ራስ ተብሎ ሲሾም መሰላሉ ከእንጨት የተሠራ መሆኑ ታየ፡፡ ቀልዱ እንግዲህ የፖለቲካ ምስክርነት ነው፡፡

በነገራችን ላይ፣ በላይ በአባይ በረሃ አምስተኛ ዓመቱን በሚዋጋበት ጊዜ፣ በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ አንድ ፊልም ታየ፡፡ የቻርሊ ቻፕሊን «ታላቁ አምባገነን» ነው፡፡ በፊልሙ ውስጥ ሒትለር ብቻ ሳይሆን ሙሶሊኒም ናፓሎኒ በሚል ስም መሳቂያ ሆኗል፡፡ ሁለቱ አምባገነኖች በፀጉር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱ ከአንዱ ከፍ ብሎ ለመታየት ወንበራቸውን ሽቅብ ሲያስኬዱ ይታያል፡፡ ይህም የማዕረግ ቀልድ ነው፡፡ ኒውዮርክና ቢቸና ሳይተዋወቁ በአንድ ዘመን በአንድ ዓይነት ነገር ስቀዋል፡፡

ቻፕሊን ግን ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ የናዚ ካምፖችን እውነተኛ ገጽታ ያኔ ቢያውቅ ኖሮ ፊልሙን መሥራት እንደማይችል ጽፏል፡፡ ይህ ቃል ብዙ ጊዜ ሳቅና ሰቆቃ አይገናኙም ለሚሉ ወገኖች ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፡፡ እኔ ግን በዚህ መልክ አልረዳውም፡፡ ቻፕሊን የፈራው በአምባገነኑ መሳቅን አይመስለኝም፡፡ የፈራው የካምፑን ኑሮ ቀለል አድርጎ ማሳየቱን ነው፡፡ ልዩነቱ ትልቅ ነው፡፡ ጥያቄው ይሳቅ አይሳቅ ሳይሆን ሳቁ በማን ላይ ያርፋል፣ የትስ ላይ ያቆማል የሚለው ነው፡፡

የበላይ ሕይወት ይህንን ጥያቄ አክብዶ የሚያቀርብበት ቦታ ደግሞ ከደጀን ሥር ነው፡፡ ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ፡፡ መጋቢት መጨረሻ ላይ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቀቀ፡፡ ኮሎኔል ማራቬንታኖ የሚመራው ጦር፣ ሴትና ሕፃናት ጭምር የያዘ ብዙ ሺሕ ሰው፣ ወደ ደቡብ ወርዶ አባይን በሸፈርታክ መሻገር ነበረበት፡፡ ገደሉ የበላይ አገር ነበር፡፡ አድፍጦ ቢቆይ ያ ሁሉ ጦር ከሁለቱ አፋፎች መካከል ተይዞ ይቀር ነበር፡፡ በላይ ግን አልተኮሰም፤ ጦሩም ተሻገረ፡፡

ምክንያቱ ምን ነበር? በዘመቻው የነበሩ እንግሊዞች በኋላ እንደጻፉት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ለበላይ ከቤታቸው ልጅ ሊድሩለት ቃል ገብተው ነው ያለዘቡት፡፡ ራስ ኃይሉ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ፣ የጎጃም ባላባት ናቸው፡፡ ልጅ ኢያሱም አማቻቸው ነበሩ፡፡ ልጅ ኢያሱን ከእስር ለማስመለጥ ረድተዋል ተብለው በ1924 ዓ.ም. ግዛታቸውን አጥተው ታሰሩ፤ በወረራው ጊዜ ተፈተው ለጣሊያን አደሩ፡፡ በልጅ ኢያሱ ምክንያት አባቱን ላጣው ለበላይ ደግሞ የልጅ ኢያሱ አማች አማች ሊሆኑት መጡ ማለት ነው፡፡

ይህ የአንድ ወገን ምስክርነት ነው፡፡ እንግሊዞቹ የራሳቸውን ጦር ድካም በሌላ ላይ ለማላከክ ምክንያት እንደነበራቸው የሚከራከር ይኖራል፤ ተገቢ መከራከሪያ ነው፡፡ ምስክርነቱን ተቀብለን እንየው ግን፡፡ በማዕረግ የሳቀ ሰው፣ ከስሜ የሚበልጥ የለም ያለ ሰው፣ ማዕረግ የሚያመጣውን አንድ ነገር፣ ከንጉሥ ዘር ጋር መጋባትን፣ ሲያቀርቡለት ልቡ ቀለጠ፡፡ ለፊልም ሠሪ ከዚህ የተሻለ የኮሜዲ ትዕይንት አይገኝም፡፡ ሽማግሌው መሳፍንት ሲያባብሉ፣ ኮስታራው ሸፍታ ሲሽኮረመም፣ የጦር አለቆቹ ስለ ድግሱ ሲጨነቁ ይታያል፡፡ ተመልካች ቢስቅ ኃጢአት የለበትም፡፡

አክብሮቱ የሚፈተነው ከሳቁ ቀጥሎ በሚመጣው ትዕይንት ነው፡፡ የተሻገረው ጦር ወዲያው እጁን አልሰጠም፡፡ እስከ ግንቦት 1933 ዓ.ም. ድረስ ሲያፈገፍግ፣ አርበኛውና እንግሊዙ ሲያሳድደው ቆይቶ ወሎ ውስጥ ከአጊባር አጠገብ ተማረከ፡፡ በእነዚያ ሳምንታት ከሁለቱም ወገን ሰው ሞቷል፡፡ ፊልሙ የሠርጉን ወሬ አስቆ ወንዙን ሳያሳየን ካለፈ በሞቱት ላይ ቀልዷል፡፡ ሳቃችን በአፋችን ሳለ ያንን የተሻገረ ጦርና ያስከተለውን መቃብር ካሳየን ግን፣ ከማንኛውም ፉከራ ይልቅ ስለ ጦርነት እውነቱን ነግሮናል፡፡

ይህንን ስል ጣሊያናዊው ሮቤርቶ ቤኒኒ ትዝ ይለኛል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1997 የሠራው «ሕይወት ውብ ናት» የተባለው ፊልም ልጁን ከናዚ ካምፕ አስፈሪነት በጨዋታ ሊከልለው የሚሞክር አይሁዳዊ አባት ታሪክ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1999 ሦስት ኦስካር አገኘ፡፡ ያከበሩት ብዙ ናቸው፡፡ በሰቆቃ ቀልዷል ብለው የተቆጡበትም አልጠፉም፡፡ የቤኒኒ አባት በጀርመን የጉልበት ሥራ ካምፕ ታስረው የነበሩ ናቸው፡፡ ለልጆቻቸውም ያዩትን በቀልድ እያዋዙ ይተርኩላቸው ነበር፡፡ ሳቁን ያመጡት እንግዲህ መከራውን ያዩት ሰው ራሳቸው ነበሩ፡፡ ደጀን ላይ የሰማኋቸው አዛውንቶችም እንዲሁ ናቸው፡፡

በዚያው ፊልም ውስጥ እኛን የሚነካ አንድ ነገር አለ፡፡ በመታጨት ግብዣው ላይ ኢትዮጵያዊ የተባለ ግዙፍ ኬክ እንግዶቹ መካከል ይቀርባል፡፡ ሰዎቹ ያጨበጭባሉ፡፡ ዘመኑ አገራችን በጋዝ ከተደበደበች ገና ጥቂት ዓመት የሆነው ነው፡፡ ቤኒኒ ምንም ሳይሰብክ፣ የፋሺስት ዘመን ጣሊያናዊ ኢትዮጵያን በጣፋጭ መልክ ቆርሶ እንደበላት በአንድ ሳቅ አሳይቷል፡፡ በየካቲት 12 ያለቁትን ወገኖቻችንን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህንን ትዕይንት እየሳቀ ጀምሮ መሐል ላይ ጉሮሮው ይዘጋል፡፡ እንደዚህ ያለው ሳቅ ሙታንን አይነካም፤ ያስታውሳል እንጂ፡፡

ኮስታራ ፊት ብቻውን አክብሮት እንዳልሆነም ጣሊያን ራሷ ታስተምረናለች፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 ከሮም ወጣ ባለችው አፊሌ በተባለች ከተማ ለግራዚያኒ የመታሰቢያ ሕንፃ ተመረቀለት፡፡ ማንም አልቀለደም፡፡ ባንዲራ ነበር፣ ንግግር ነበር፣ ሥርዓት ነበር፡፡ በሰማዕታቶቻችን ላይ ከዚያ የበለጠ ስድብ ግን አላውቅም፡፡

ወደ በላይ ልመለስ፡፡ ነፃነት ሲመለስ መሰላሉም አብሮ ተመለሰ፡፡ በላይ ደጃዝማች ተባለና የቢቸና አውራጃ ገዢ ሆነ፡፡ ለአንድ የሸፍታ ልጅ ትልቅ ሹመት ነው የሚል ሊኖር ይችላል፡፡ ነገር ግን አምስቱን ዓመት እሱ የሾማቸው ሰዎች ራስ ይባሉ ነበር፡፡ በጎጃም አርበኝነት ስማቸው የሚነሳው ሌሎቹ አለቆች፣ እነ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ ቢትወደድ፣ ኃይሉ በለው ራስ ተባሉ፡፡ ከእነዚህ መካከል የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጆች ነበሩበት፡፡ የማይገባቸው ነበር ማለቴ አይደለም፤ እነሱም ተዋግተዋል፡፡ በላይ ግን የሰማው አንድ ነገር ነው፡- የበረሃው ቀልድ ማብቃቱን፡፡

ቅሬታው ወደ እምቢታ፣ እምቢታው ወደ ውጊያ ተለወጠ፡፡ መንግሥት ጦር ላከ፡፡ በላይ በቢቸና አካባቢ የሶማን ተራራ ይዞ ተዋጋ፡፡ በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ፣ ምሕረት ይደረግልሃል ተብሎ እጁን ሰጠ፡፡ አዲስ አበባ ተወስዶ ለፍርድ ቀረበና ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ በንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት፡፡

የማዕረጉ ቀልድ ማስረጃ ነው ያልኩት እዚህ ላይ ነው፡፡ የበላይን አመፅ ያለዚያ ቀልድ የሚተርክ ፊልም ሁለት ምርጫ ብቻ ይኖረዋል፡፡ ወይ በላይን ሹመት ያነሰው ስግብግብ ያደርገዋል፣ ወይ መንግሥትን ያለ ምክንያት የጨከነ ያደርገዋል፡፡ ሁለቱም ውሸት ነው፡፡ እውነቱ በአምስቱ ዓመት በበረሃ አንድ ሌላ ዓይነት ሹመት፣ ዘር የማይጠይቅ ሹመት ተሞክሮ መታየቱ ነው፡፡ ያንን ያየ ሰው ወደ ቀድሞው መሰላል ተመለስ ሲባል ይከብደዋል፡፡ ያንን ያየ መንግሥትም ሰውየውን ነፃ ለመተው ይከብደዋል፡፡ በፊልሙ መጀመሪያ ላይ በሹመቱ የሳቀ ተመልካች፣ መጨረሻው ላይ ገመዱ ከየት እንደመጣ ማንም ሳይነግረው ያውቃል፡፡

እስር ቤት ውስጥ ደግሞ ታሪክ ራሷ ቀልደኛ ሆነች፡፡ በላይ ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር ተገናኘ፡፡ ማሞ የራስ ኃይሉ ልጅ ነው፡፡ በጣሊያን ዘመን ባንዳ እየመራ በላይን ሲወጋ የነበረ ሰው ነው፡፡ አርበኛውና ባንዳው በአንድ ግቢ ታሰሩ፤ አብረው መከሩ፤ አብረውም ለማምለጥ ሞከሩ፡፡ ተይዘውም ተመለሱ፡፡ እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ስለ ድሮው ውጊያ ሲከራከሩ፣ ማን ማንን እንደሳተ ሲቆጥሩ በዓይነ ሕሊናዬ ይታየኛል፡፡ ጥሩ ደራሲ ከዚህ ውስጥ ሳቅ ቢያወጣ አልነቅፈውም፡፡ እስረኛ በእስር ቤት መሳቁን የታሰረ ሁሉ ያውቀዋል፡፡

ከዚያ በኋላ ግን ሳቅ የለም፡፡ በጥር 1937 ዓ.ም. በላይ፣ ወንድሙ እጅጉና ማሞ ኃይሉ አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ ተሰቀሉ፡፡ በላይ ዕድሜው ከሠላሳዎቹ መጀመሪያ ብዙም አላለፈም፡፡ ለጣሊያን ያደሩት ራስ ኃይሉ በቁም እስር ቢሆኑም በክብር ኖረው፣ ዕድሜ ጠግበው በአልጋቸው ሞቱ፡፡ የሕግ ሰው ይህንን ሲያይ የሚጠይቀው ብዙ ነው፡፡ ምሕረት የተገባለት ሰው እንዴት ሞት ተፈረደበት? ሞቱ በዕድሜ ልክ ከተለወጠ በኋላ የማምለጥ ሙከራ ገመዱን ሊመልሰው ይገባ ነበር ወይ? ለጠላት ያደረ ከተማረ ጠላትን የወጋ ለምን አልተማረም? እነዚህ ጥያቄዎች በፊልሙ ውስጥ በቀልድ የሚታለፉ ከሆነ፣ ፊልሙን ከሚቃወሙት መካከል የመጀመሪያው እኔ እሆናለሁ፡፡

ዛሬ የበላይ ስም በአዲስ አበባ መንገድ፣ በባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ተሰይሟል፡፡ ደስ ይላል፡፡ ነገር ግን በመታሰቢያ ቀን የሚደረጉትን ንግግሮች ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፡፡ ጣሊያንን እንዴት እንደወጋ በሰፊው ይነገራል፡፡ ማን እንደሰቀለው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፎ ወደ ፉከራ ይገባል፡፡ ኮስታራው ንግግር የደበቀውን ቀልዱ ሲያወጣው ኖሯል፡፡ ስሙን እንደ ማዕረግ ያነሳ ሁሉ ስለ ሹመቱ ያነሳል፤ ስለ ሹመቱ ያነሳ ስለ ስቅላቱ ይጠይቃል፡፡ እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው ነው ሟቹን ያከበረው?

ሳቅና ሰቆቃን ማቀላቀል ከውጭ የመጣ ልማድ ነው የሚሉ ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያስታውሱ፡፡ ሐዲስ ዓለማየሁ የዚሁ የጎጃም ሰው ናቸው፡፡ ራሳቸውም በጣሊያን ተማርከው በዚያው አገር ታስረው የቆዩ አርበኛ ናቸው፡፡ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ለጠብ ግጥሚያ ሲጋበዙ፣ በዘራቸው ሲኩራሩ የማይስቅ አንባቢ የለም፡፡ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር በሙሉ ስቋል፡፡ መጽሐፉ የሚያበቃው ግን በመቃብር ነው፡፡ በፊታውራሪ የሳቅነው ሳቅ የሰብለንና የበዛብህን ሐዘን አላቀለለውም፡፡ በዘር የተኮፈሰው አባት ልጁን ምን እንዳደረጋት እንድናይ አዘጋጀን እንጂ፡፡

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው፡፡ በከተማ ቀልዶቻችን ውስጥ የጎጃም ባላገር ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ሰው ሆኖ ሳይሆን አነጋገር ሆኖ ነው፡፡ ቁምጣ፣ ዱላና የተጋነነ ዘዬ ይበቃዋል፡፡ በላይ በዚህ መልክ ከቀረበ፣ ማዕረግ ማደሉ የመሃይም ቅዠት፣ የስሙ መልስ የባላገር ድድብና ይሆናል፡፡ ያኔ ሳቁ ከማዕረጉ ተነስቶ በሰውየው ላይ ያርፋል፡፡ ንጉሠ ነገሥታዊው መንግሥት ሲሰቅለው የነበረው ዓይንም ከዚህ የራቀ አልነበረም፡፡ እንዲህ ያለው ፊልም ሁለተኛ ስቅላት ነው፡፡ ልብ በሉ፣ ችግሩ ቀልድ መኖሩ አይደለም፡፡ ቀልዱ የማን እንደሆነ መዘንጋቱ ነው፡፡

ስለዚህ የበላይን ሕይወት ወደ ፊልም ለማምጣት ለሚያስብ ባለሙያ የምለው አጭር ነው፡፡ በደጀን፣ በቢቸና፣ በቦረና የሚነገረውን ቀልድ ሁሉ ይሰብስብ፤ አንዱንም አያሳፍረው፡፡ በእሱ የተቀጡትን ቤተሰቦችም ይስማ፡፡ ሸፈርታክን አይዝለል፣ የሠርጉንም ወሬ አይደብቅ፡፡ የፍርዱን ነገር ግን የሕግ ባለሙያ አጠገቡ አስቀምጦ፣ መዝገብ የተገኘውን ያህል ፈትሾ ይጻፍ፡፡ ሦስቱ ሰዎች ወደ ገመዱ በሚሄዱበት ሰዓት ሙዚቃውንም ቀልዱንም ያቁም፡፡ ተመልካቹ እስከዚያ ድረስ በደንብ ስቆ ከሆነ፣ በዚያች ደቂቃ እንዲያዝን የሚያስተምረው አያስፈልግም፡፡